የ10 ሰዓት ሻይ በፈረንጅ አራዳ

ጅማ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ቡናው ይጠየቃል እንጂ ስለ ሻዩ የሚጠይቀው የለም። አይፈረድም። የጎማ ወረዳው ጮጬ በቡና መገኛነቱ ስሙ ይነሣል፤ የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ከ50 ዓመት በላይ የቡና ዝርያ ሲያጠና ኖሯል፤ ወደ አጋሮም ሆነ ወደ ቦንጋ ቢወጡ መንገዱን ቡና አይለየውም። ነገር ግን ቡና ለእኛ የቤት ነገር ነው። ጠዋት በጀበና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ አቦል ቶና በረካ ተብሎ ያበቃል። ከሰዓት በኋላ ካፌ የሚቀመጠው የጅማ ሰው፣ ይልቁንም ዕድሜው ጠና ያለው፣ የሚያዘው ሻይ ነው፤ ቡናውን ማለዳ ከቤቱ ጠጥቶ ስለወጣ በማሽን የተጨመቀውን ከቡና አይቆጥረውም። የምጽፈው ስለዚያ የከሰዓት ሻይና ስለሚጠጣበት ቤት ነው፤ ሁለቱን ነጣጥዬ ማየት አልቻልኩምና።

ቤቱ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው የጅማ ሰፈር ከሚገኙት የጣሊያን ዘመን ግንባታዎች አንዱ ነው። የካፌውን ስም አልጠራም፤ ጠረጴዛዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም ባለቤት ባለቤት አላቸው። የፊቱ ግድግዳ ከመንገዱ ገባ ብሎ ስለተሠራ ከደጁ ሰፊ በረንዳ ተርፎለታል፤ የበረንዳውን ጣሪያ የተሸከሙት ወፋፍራም ባለ አራት ማዕዘን ምሰሶዎች እስከ ወገባቸው ድረስ ጥርብ ድንጋይ ለብሰዋል፣ ከዚያ በላይ ልስን ናቸው። ልስኑ ላይ በየዘመኑ የተቀባው ቀለም ተደራርቧል፤ በተላጠበት በኩል ከቢጫው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ የኖራ ነጭ ብቅ ይላል። የግድግዳው ውፍረት ከክንድ ስለሚበልጥ መስኮቶቹ በውስጥ በኩል ጥልቅ ደፍ አላቸው፤ ከዚያ ጠርዝ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ብርጭቆውንም ጋዜጣውንም የሚያኖረው ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ደፉ ላይ ነው። በአንደኛው ደፍ ላይ ሲሚንቶው በቀኝ በኩል ብቻ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ማንም አልወለወለውም፤ መንገዱን ለማየት ወደዚያ የሚዞር ሰው ክርኑን የሚያሳርፈው እዚያው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው።

ስለ ቤቱ ሲወራ ብዙ ሰው «ጣሊያን የሠራው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ለእኔ ግን ወሬው የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው፣ የሚረዝመውም ከዚያ በኋላ ነው። ጣሊያን ሲመጣ ጅማ ባዶ ሜዳ አልነበረችም። የንግሥናው መቀመጫ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት አባ ጅፋር ዳግማዊ ያሠሩት፣ በረንዳውና ሰገነቱ የእንጨት ሥራ የሆነው ቤተ መንግሥት ዛሬም ከከተማው መሃል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል። ገበያው ከኮረብታው በታች ሂርማታ ላይ ነበር፤ ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጎማና ከጌራ የሚመጣው ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማርና ዝባድ እዚያ ይራገፍ ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት እንደነበር መደበቅ አይገባም። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ ሲያደርጋት ገበያውም የነጋዴው መንገድም ተዘጋጅተው ጠብቀውታል። ከተማ አልፈጠረም፤ በነበረ ከተማ ላይ ሠራ።

ለማን እንደሠራም ግልጽ ነው። የዚያን ጊዜ የከተማ ፕላኖች የነጩ መኖሪያና ገበያ ለብቻ፣ የአገሩ ሰው ለብቻ እንዲሆን የሚያዝዙ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የወጡት የዘር ሕጎች ደግሞ ጣሊያናዊ ወንድና ኢትዮጵያዊት ሴት እንደ ባልና ሚስት ሆነው መኖርን እስከ መቅጣት ደርሰዋል። ድንጋይ በመሸከም፣ አፈር በመቆፈርና ኖራ በማቡካት የተሳተፈው ያገር ሰው፣ ሥራው ሲያልቅ በበረንዳው ጥላ ሥር ተቀምጦ እንዲያርፍ የታሰበ አልነበረም። ስለዚህ እነዚህን ቤቶች እያሳዩ «ጣሊያን ባይገባ ኖሮ» የሚል ምስጋና የሚጀምሩ ሰዎች ያስቸግሩኛል። ቤቱን እወደዋለሁ፤ ምስጋናው ግን አይወጣኝም። ጣሊያን በጅማ የቆየው አምስት ዓመት አይሞላም፤ በሰኔ 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ከ80 በላይ ዓመታት የነጋዴው፣ የተከራዩ፣ የልብስ ሰፊው፣ የአስተናጋጁና የሻይ ጠጪው ናቸው። ቤት የማን እንደሆነ በዘመን ቆጠራ የሚለካ ከሆነ ሒሳቡ አያከራክርም።

ከነጻነት በኋላ እንዲህ ባሉት ቤቶች የአረብ፣ የግሪክና የጉራጌ ነጋዴዎች ገቡባቸው። ይህንን ቤት በሚመለከት የማውቀው ከሀጂ የሰማሁትን ነው። ሀጂ ከመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጡ አዛውንት ናቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ ካፌው ውስጥም ከ«ሀጂ» በቀር በሌላ ስም የሚጠራቸው አልሰማሁም።

«ሀጂ፣ እንዴት ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ ልጄ። ዝናቡ ነው እንጂ ደኅና ነን። እናትህ እንዴት ናቸው?»

ስለ እናቴ፣ ስለ እህቴ፣ ስለ እህቴ ልጆች ተራ በተራ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በፊት ሌላ ወሬ ማንሣት አይቻልም። አንድ ከሰዓት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የቤቱን ነገር አነሣሁባቸው። ሀጂ ብርጭቆውን ደፉ ላይ አስቀመጡና ብድግ ብለው ወደ መንገዱ ወደሚያወጣው በር ወሰዱኝ። የበሩ መቃን ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ነው፤ በቀለሙ ብዛት እንጨትነቱ ሊጠፋ ደርሷል። ጣታቸውን በመቃኑ ላይ ወደ ላይ እየሳቡ በደረታቸው ትይዩ አንድ ቦታ ላይ አቆሙት። ከቀለሙ ሥር የሚስማር ራስ ጎበጥ ብሎ ይዳሰሳል። ወደ ታች ወረዱና ሁለተኛውን አስዳሰሱኝ።

«በዚህና በዚህ መካከል ያለው አንድ ሜትር ነው። ጌታዬ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ልጅ ሆኜ አቡጀዲ እለካለት ነበር። ገበያተኛ ሲበዛ ሜትሩ እጅ ላይ አይገኝም፤ እዚህ ጋር ወጥረን እንለካ ነበር።»

«ደንበኛው አይጠራጠርም?»

«ይጠራጠራል እንጂ! የራሱን ሜትር ይዞ የሚመጣ ነበር። ለክቶ አይቶ፣ አምኖ ይገዛል።»

ያን ቀን ቤት ገብቼ ካሰብኩት ሁሉ የበለጠ የቆየብኝ እነዚህ ሁለት ሚስማሮች ናቸው። የመሐንዲሱን ስም የሚያውቅ ሰው ቢገኝ እሰየው፤ የሚስማሩን ጉዳይ ግን በእጁ ያወቀው ሰው ዛሬም እዚያው ቤት ሻይ ይጠጣል።

በቤቱ ዕድሜ ላይ ከማንም ይልቅ የወሰነው ግን ነጋዴም መሐንዲስም አይደለም፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው ባይ ነኝ። በዚያ አዋጅ መሠረት ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ባለበት ስለቆመ የሚገኘው ገንዘብ ጣሪያ ለመቀየር እንኳ አይበቃም ነበር፤ ተከራዩም የእኔ ባልሆነ ቤት ላይ ለምን ገንዘቤን አፈስሳለሁ ይላል። በሌላ በኩል አፍርሶ ፎቅ የመሥራት መብት ያለው ሰውም አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ያው አዋጅ ቤቱን አስረጀውም፣ አቆየውም። ብዙዎቻችን እንደ ቅርስ የምናያቸው የከተማ ቤቶች ቅርስ ይሁኑ ተብለው የተጠበቁ ሳይሆኑ እጅ ሳይነካቸው የከረሙ ናቸው።

ወደ ሻዩ ልመለስ። እዚህ ቤት ሻዩ ከጓሮ ባለች ጠባብ ማብሰያ ክፍል በከሰል ይፈላል። በትልቁ ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ጨቅጨቅ ከተደረገ ኮረሪማ ጋር ሲንተከተክ ይውላል፤ ኮረሪማው የእኛው ጫካ ነው፣ ሌሎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ቅጠሉ ወደዚህ ድስት አይገባም። በትንሹ በራድ ለብቻው ተዘፍዝፎ ጥቁር እስኪመስል ይወፍራል። ትእዛዝ ሲመጣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ይገባል፣ ከበራዱ ወፍራሙ በማጥለያ ይቀዳበታል፣ ቀሪው በቅመሙ ውሃ ይሞላል። ሳይማሰል ነው የሚቀርበው፤ በመስኮቱ ብርሃን ሲታይ ከላይ ቀላ ያለ፣ ወደ ታች ሲወርድ የሚጠቁር፣ ከሥሩ የስኳር ደለል ያለበት ነው። ማማሰሉ የጠጪው ድርሻ ነው። ሀጂ ግማሹን ሳያማስሉ ይጠጡና የቀረውን አማስለው በቅመም ውሃ ያስጨምሩበታል፤ በአንድ ብርጭቆ ዋጋ ሁለት መጠጣታቸው ነው፣ ባለቤቱም ይህን ያውቃል።

በአዳዲሶቹ ካፌዎች የተለመደውን ባለ ክር ሻይ አልወደውም፤ ምክንያቴም ናፍቆት ብቻ አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። የጥቁር ሻይ ቅጠል ደግሞ ቀለሙንና ኃይሉን አውጥቶ የሚሰጠው በሚፈላ ውሃ ነው። ከማሽን የተቀዳው ውሃ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ነክቶ፣ በትሪ ዞሮ፣ ጠረጴዛ እስኪደርስ ድረስ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ከረጢቱ ገብቶበት የሚወጣው ቀለም ያለው ሙቅ ውሃ ነው። ከሰል ላይ የምትውለው በራድ ይህን ጉድለት ሙቀት በማብዛት ሳይሆን ጊዜ በመጨመር ትክሰዋለች። ሻዩን የምታፈላው ሴት ይህን በዲግሪ አትናገርም፤ «ካልዋለ ሻይ አይሆንም» ትላለች፣ ነገሩ ያው ነው።

ቅጠሉም ቢሆን ከሩቅ አይመጣም። የአገራችን የሻይ እርሻ የተጀመረው በጎሬ አካባቢ ጉመሮ ላይ ነው፤ ውሽውሽ ደግሞ ከጅማ በቦንጋ መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ይገኛል። በዚያ ሲያልፉ ኮረብታው እንደ ተከረከመ አጥር እኩል ተስተካክሎ፣ ለቃሚዎቹ እስከ ወገባቸው ገብተውበት ይታያሉ፤ ከየቅርንጫፉ የሚቀነጠበው እምቡጡና ከሥሩ ያሉት ሁለት ለጋ ቅጠሎች ናቸው። ቅጠሉ እዚያው ፋብሪካ ጠውልጎ፣ ተከትፎ፣ አየር መትቶት ጠቁሮ፣ ደርቆ በከረጢት ይጫናል። የሚጫነው በእኛው ከተማ በኩል ነው። አዲስ አበባ ደርሶ በካርቶን ይታሸግና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ የጅማ ሱቅ ውስጥ ይደረደራል። ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ይህ ሁሉ ኪራይ ሲከፈል ያስገርማል፤ እዚሁ የሚያሽግ ቢኖር ማን ይጠላ ነበር።

10 ሰዓት ላይ ቤቱ የሚሞላው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ዝናቡ ነው። በክረምት ሰማዩ ከምሳ በኋላ ይከብድና ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ በረንዳው የገዛውንም ያልገዛውንም ያስጠልላል፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድምፅ ስለሚበረታ ውስጥ ያለው ሰው ወሬውን አቁሞ መንገድ መንገዱን ያያል። ሁለተኛው የሰዓቱ ጸባይ ነው። በጅማ ከሰዓት የጫት ሰዓት መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ የከተማው ሰው ይታዘበኛል፤ ብዙው ሰው በዚያን ሰዓት ፍራሽ ላይ ነው። ካፌው የማይቅሙት ሰዎች መሰብሰቢያ ነው፤ ጡረተኛው፣ መምህሩ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ከገበያ የተመለሰችው ነጋዴ። በሑዳዴ ማኪያቶው ይቀራል፣ ወተት ያዝዝ የነበረው ሁሉ ወደ ጥቁር ሻይ ይዞራል፤ በረመዳን ቀን ቀን ወንበሮቹ ጭር ብለው ይውሉና መግሪብ ሲሰገድ ሀጂና ጓደኞቻቸው ተምራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱም ጾም በሌለበት ወር ከሳምቡሳና ከቦምቦሊኖ ጋር መክሰሱ ይደምቃል።

እንግሊዞች የከሰዓት ሻያቸውን ታሪክ ከቤድፎርድ ዱቼስ ከአና ጋር ያያይዙታል፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ገደማ የባላባቱ እራት እየመሸ ሲሄድ ሴትዮዋን ርሃብ አስቸግሯቸው ሻይና ዳቦ በቅቤ ወደ ክፍላቸው ያስመጡ ነበር፣ ቆይተው ወዳጆቻቸውንም መጋበዝ ጀመሩ ይባላል። ዛሬ በታላላቅ ሆቴሎች በሦስት ፎቅ ሰሃን ኬክና ሳንዱች ተደርድሮ የሚሸጠው የዚያ ልጅ ነው። በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን ዋጋው ደግሞ ሌላ ነው፤ የሕንፃው ዕድሜ ከሻዩ ጋር ተደምሮ ይሸጣል። የእኛው ቤት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዕድሜውን አያስከፍልም።

ይህ እንዲቀጥል ግን ዋስትና የለውም። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የከተማዋ ዋና ዋና መንገዶች ሲታደሱ ከመንገድ ዳር ያለ ሁሉ ፊቱን አሳምር ተብሏል፤ መንገዱ ማማሩ፣ የእግረኛው መሄጃ መስፋቱ ለእኛ ለእግረኞቹ ጥሩ ነው፣ አልክድም። የሚያሰጋኝ ቸኩሎ የሚታደሰው ነው። በአቅራቢያው ያለ አንድ ቤት ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለስኖ፣ በረንዳውን በመስታወት ዘግቶ፣ ጣሪያውን በጂፕሰም አስዋበ። እንዲህ ያለ አሮጌ ግድግዳ በኖራ የተለሰነ ነው፤ ኖራ የያዘውን እርጥበት መልሶ ይተነፍሰዋል፣ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። እንደ ጅማ ባለ ዝናባም አገር ውጤቱ ብዙ አይቆይም፤ አዲሱ ቀለም ከታች ጀምሮ እንደ ፊኛ ተነፋፍቶ መላጥ ጀምሯል። የሻይ ዋጋም እድሳቱን ተከትሎ ወጣ። ቀድሞ በበረንዳው ይቀመጡ የነበሩት ሽማግሌዎች አሁን ወዴት እንደሄዱ አውቃለሁ፤ እኛ ጋ መጥተው ወንበር አጥብበውብናል።

የእኛው ካፌ ተከራይም እድሳቱ አልቀረለትም። ወጣት ነው፣ ነጋዴ ነው፣ መብቱም ነው። ከቡና ማሽኑ ጀርባ ቆሞ ያሰበውን ሲዘረዝርልኝ ወለሉን ሴራሚክ፣ በሩን አልሙኒየም አለኝ። ስለ ኖራው ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝ፤ የኖራ ልሳኝ ከየት አመጣለሁ ሲለኝ ግን እኔም ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ወለሉ ላይ አልተስማማንም፤ የድሮው ንጣፍ ተሰነጣጥቆ ውሃ እንደሚይዝ አሳየኝ፣ እውነቱን ነው። የበሩን ነገር ግን ወደ ሀጂ መራሁት። ሀጂ ሚስማሮቹን አስዳሰሱት፤ ልጁ ከኪሱ ስልኩን አወጣና ቀለሙን በቁልፍ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ፎቶ አነሣቸው።

አሁን የደረስንበት ይህ ነው። መቃኑ አይነካም፤ የሚቀየረው መዝጊያው ብቻ ነው፣ እሱም በአልሙኒየም ሳይሆን በዋንዛ። ጅማ አናጢ አጥታ አታውቅም፤ በአካባቢው ከአንድ ግንድ ወንበር የሚፈለፍሉ እጆች አሉ፣ የበር መዝጊያ ለእነሱ ቀላል ሥራ ነው። አናጢው መጥቶ ለክቷል። ለመለካት ሜትሩን ከኪሱ ሲያወጣ ሀጂ በሚስማሮቹ እንዲለካ ነግረውት ነበር፤ ሁለቱንም አስተያይቶ ሚስማሮቹ በአንድ ጣት ያህል ያንሳሉ አለ። ሀጂ አልተቀበሉትም፣ የአናጢው ሜትር ነው የተበላሸው ባይ ናቸው። ክርክሩ አላለቀም፤ የዋንዛው ጣውላ እስኪደርቅ ድረስ ጊዜ አላቸው።